አሮጌው እንክብል ከመደርደሪያ ሲወርድ፦ የናሜንዳ መድኃኒት ጉዳይ በአሜሪካ የውድድር ሕግ ፊት

መነሻ

አንድ የመድኃኒት ኩባንያ ሲሸጠው የኖረውን መድኃኒት አሻሽሎ አዲስ ዝግጅት ማውጣቱ በራሱ የሚያስከስሰው ሥራ አይደለም። በቀን ሁለት ጊዜ ይዋጥ የነበረው መድኃኒት በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ ቢሆን ታማሚም አስታማሚም ይቀልላቸዋል። ሆኖም አዲሱ ዝግጅት ገበያ ላይ የሚወጣው የአሮጌው ፓተንት ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው (ፓተንት ለባለቤቱ ለተወሰነ ዘመን ብቻውን የመሸጥ መብት የሚሰጥ ነው) ከሆነና፣ ከዚያም አልፎ አሮጌው ራሱ ርካሽ ተተኪው ከመድረሱ በፊት ከገበያ እንዲጠፋ ከተደረገ፣ ነገሩ ከሕክምና ወጥቶ ወደ ንግድ ውድድር ሕግ ይገባል።

ይህ የጉዳይ ጥናት የሚመለከተው ናሜንዳ በተባለው የአልዛይመር መድኃኒት ላይ ከ2014 ጀምሮ በኒው ዮርክ የተካሄደውን ክርክር ነው። ከብዙ ተመሳሳይ ጉዳዮች መካከል ይህን የመረጥኩት የኩባንያው ዕቅድ በውስጥ ሰነዶቹና በገዛ ኃላፊዎቹ አንደበት ተዘርዝሮ ፍርድ ቤት በመቅረቡ፣ በሌሎቹ ላይ በግምት የሚነገረው እዚህ በማስረጃ ስለሚታይ ነው። የግለሰቦችን ስም አላነሳም፤ ኩባንያዎቹና ተቋማቱ ግን በይፋዊ የፍርድ መዝገብ ላይ የሰፈሩ በመሆናቸው በስማቸው ተጠርተዋል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መድኃኒቱና ዘመኑ

ናሜንዳ ሜማንቲን የተባለውን ንጥረ ነገር የያዘ ሲሆን፣ መካከለኛና ከባድ ደረጃ ላይ ለደረሰ የአልዛይመር ሕመም ይታዘዛል። በሽታውን አያድነውም፤ ምልክቶቹን ግን ለጊዜው ያስታግሳል። ከእርሱ በፊት የነበሩት እንደ ዶኔፔዚል ያሉ መድኃኒቶች አሠራራቸው ሌላ በመሆኑ ሐኪሞች ሜማንቲንን ብዙውን ጊዜ ከእነርሱ ጋር ደርበው ያዛሉ፤ አንዱን በሌላው አይለውጡም። ይህ ነጥብ ተራ የሕክምና መረጃ ቢመስልም በኋላ በፍርድ ቤቱ ክርክር ትልቅ ክብደት አግኝቷል፤ ምክንያቱም ተተኪ የሌለው መድኃኒት ያለው ኩባንያ በገበያው ብቻውን ያለ ኩባንያ ነው።

በአሜሪካ የመሸጥ መብቱን ከጀርመኑ ሜርዝ ኩባንያ በፈቃድ ያገኘው ፎረስት ላቦራቶሪስ ነበር። መድኃኒቱ በ2003 ከአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ በአጭሩ ከኤፍዲኤ፣ ፈቃድ አግኝቶ በ2004 መጀመሪያ ላይ መሸጥ ጀመረ። በ2012 እና በ2013 ሽያጩ በየዓመቱ ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ይደርስ ነበር። ፎረስትን ራሱን ደግሞ አክታቪስ የተባለው ኩባንያ በጁላይ 2014 ጠቅልሎ ወሰደው፤ ግዢው ወደ 25 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ነበር።

የመድኃኒቱ ፓተንት በኤፕሪል 2015 የሚያበቃ ሲሆን፣ በሕፃናት ላይ ጥናት ለሚያካሂዱ ኩባንያዎች ሕጉ የሚሰጠው ተጨማሪ ስድስት ወር ተደምሮበት እስከ ኦክቶበር 11 ቀን 2015 ይዘልቅ ነበር። በአረጋውያን በሽታ ላይ የሚሰጥ መድኃኒት በሕፃናት ጥናት ዕድሜ ማግኘቱ ያስገርም ይሆናል፤ ሕጉ ግን ይፈቅዳል። ፎረስት ፓተንቱን ከተጋፈጡት የጄነሪክ፣ ማለትም የዚያኑ መድኃኒት ርካሽ ተተኪ፣ አምራቾች ጋር በስምምነት ጉዳዩን ስለጨረሰ፣ አምራቾቹ ሦስት ወር ቀድመው ከጁላይ 11 ቀን 2015 ጀምሮ ገበያ እንዲገቡ ፈቅዶላቸዋል። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ የተደረገው ይህ ቀን እየቀረበ ሳለ ነው።

ውድድሩ የሚካሄድበት ቦታ

ጉዳዩን ለመረዳት የመድኃኒት ገበያ እንደ ጤፍ ወይም እንደ ጫማ ገበያ አለመሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። መድኃኒቱን የሚመርጠው ሐኪም ነው፤ የሚውጠው ታማሚ ነው፤ አብዛኛውን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ የጤና መድን ድርጅት ወይም ሜዲኬርን የመሰለ የመንግሥት ፕሮግራም ነው። የሚመርጠው ሰው ስለማይከፍል፣ የሚከፍለውም ስለማይመርጥ፣ በሌላ ገበያ ዋጋን የሚቆጣጠረው የገዢ ብልሃት እዚህ ቦታ ብዙ አይሠራም።

አሜሪካ ይህን ክፍተት የሞላችው በሁለት ሕጎች ጥምረት ነው። የመጀመሪያው በ1984 የወጣው ሐች-ዋክስማን የሚባለው የፌዴራል ሕግ ነው፤ በእርሱ መሠረት የጄነሪክ አምራች ውድ የሆነውን የሰው ላይ ሙከራ እንደገና ሳያካሂድ፣ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ከብራንዱ፣ ማለትም በንግድ ስሙ ከሚሸጠው ከመጀመሪያው መድኃኒት፣ ጋር እኩል መሥራቱን ብቻ አሳይቶ ፈቃድ ያገኛል። ሁለተኛው የየግዛቱ የመተካት ሕግ ነው። በሃምሳውም ግዛቶችና በዋሽንግተን ዲሲ ፋርማሲስቱ የብራንድ ስም የተጻፈበት ማዘዣ ሲቀርብለት፣ ሐኪሙ ካልከለከለ በቀር፣ እኩያ የሆነውን ጄነሪክ እንዲሰጥ ይፈቀድለታል ወይም ይገደዳል። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ፋርማሲዎች የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን ይህን በየቀኑ ስለሚያደርጉት ማብራሪያ አይሹም።

ይሁን እንጂ መተካት የሚቻለው ኤፍዲኤ ሁለቱን መድኃኒቶች እኩያ ብሎ «ኤቢ» የሚል ምልክት ሲሰጣቸው ነው። ለዚህም ንጥረ ነገሩ፣ የዝግጅቱ ዓይነትና መጠኑ አንድ መሆን አለበት። እንክብል ካፕሱልን አይተካም፤ 10 ሚሊግራም 28 ሚሊግራምን አይተካም። ብራንዱ ዝግጅቱን ከቀየረ፣ በአሮጌው ልክ የተሠራው ጄነሪክ በፋርማሲው ባንኮኒ ላይ አዲሱን ብራንድ ሊተካ አይችልም። በዚህ ጊዜ ታማሚው ወደ ሐኪሙ ተመልሶ አዲስ ማዘዣ ካላጻፈ በቀር ጄነሪኩን አያገኝም።

ጄነሪክ አምራቾች ራሳቸው ሐኪሞችን ዞረው ለምን አያግባቡም የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ አክታቪስም በክርክሩ ያነሳው ይህንኑ ነው። መልሱ በሒሳብ ውስጥ ይገኛል። አስር አምራቾች አንድ ዓይነት መድኃኒት የሚሸጡ ከሆነ፣ አንዱ ገንዘብ አፍስሶ ሐኪሙን ቢያሳምን ፋርማሲስቱ የሚሰጠው የሌላውን አምራች ምርት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጄነሪክ አምራች ሻጭ ሠራተኛ አይቀጥርም፤ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ መተካቱን ይጠብቃል። የዋጋው ዝቅታም የሚመጣው ከዚሁ ቁጠባ ነው።

ችግሩ፦ ሁለቱ ሽግግሮች

ፎረስት ናሜንዳ ኤክስአር የተባለውን አዲስ ዝግጅት ያስፈቀደው በ2010 ነበር። ይህ ካፕሱል ንጥረ ነገሩን በዝግታ ስለሚለቅ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይወሰዳል፤ ፓተንቱም እስከ 2029 ይዘልቃል። ኩባንያው ፈቃዱን በእጁ ይዞ ሦስት ዓመት ከቆየ በኋላ መድኃኒቱን መሸጥ የጀመረው በ2013 አጋማሽ፣ የአሮጌው ዘመን ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። በቀን አንድ ጊዜ መዋጡ ለታማሚዎች ያን ያህል የሚጠቅም ከነበረ ሦስቱን ዓመት ለምን ጠበቀ የሚለው ጥያቄ መዝገቡን በሚያነብ ሰው ሁሉ አእምሮ የሚመጣ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው እርምጃ በክርክሩ «ለስላሳ ሽግግር» ተብሏል። ፎረስት አሮጌውን እንክብል ማስተዋወቅ አቆመ፤ አዲሱን በሐኪሞች፣ በፋርማሲስቶች፣ በታማሚዎችና በአስታማሚዎች ዘንድ በብዙ ወጪ አስተዋወቀ፤ ዋጋውንም ከአሮጌው ዝቅ አድርጎ አቀረበ፤ ለመድን ድርጅቶችም ታማሚው ከኪሱ የሚከፍለው እንዳይጨምር ቅናሽ ሰጠ። ይህ ሁሉ ማግባባት ነው፤ ሐኪሙ አሮጌውን ማዘዝ ከፈለገ አሁንም ያገኘዋል። የኩባንያው የውስጥ ትንበያ ግን በዚህ መንገድ ጄነሪኩ እስኪመጣ ድረስ ወደ አዲሱ የሚዛወሩት ታማሚዎች 30 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሚሆኑ አሳየ።

ሠላሳ በመቶ አላረካቸውም። በጃንዋሪ 2014 የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ለባለሀብቶች በሰጡት የስልክ ማብራሪያ፣ ታማሚዎች አንዴ በቀን አንድ ጊዜ ወደሚዋጠው ከዞሩ ጄነሪኮቹ ወደ ኋላ ለመመለስ የሻጭ ኃይል ስለሌላቸው እጅግ እንደሚቸገሩ፣ በዚህም የኩባንያው ሽያጭ ከገደል እንደመውደቅ ሳይሆን በዝግታ እንደሚያሽቆለቁል አስረዱ። «ገደል» የሚለው ቃል በኢንዱስትሪው የተለመደ ነው፤ ፓተንት ሲያበቃ የብራንድ ሽያጭ በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኛውን ድርሻ የሚያጣበትን ቅጽበት ያመለክታል።

በፌብሩዋሪ 14 ቀን 2014 ፎረስት አሮጌውን እንክብል ከኦገስት 15 ቀን 2014 ጀምሮ እንደማይሸጥ በይፋ አስታወቀ። ይህ ሁለተኛው፣ «ጠንካራ ሽግግር» የተባለው ነበር። ለሐኪሞችና ለአስታማሚዎች ታማሚዎቻቸውን እንዲያዛውሩ የሚገፋፉ ግልጽ ደብዳቤዎች በድረ ገጹ ላይ ወጡ። ሜዲኬርን ለሚያስተዳድረው የፌዴራል ተቋምም አሮጌውን እንክብል ከሚሸፈኑ መድኃኒቶች ዝርዝር እንዲያወጣው ጥያቄ ቀረበ። የአልዛይመር ታማሚዎች አብዛኞቹ ሜዲኬር የሚሸፍናቸው አረጋውያን በመሆናቸው፣ ከሁሉም እርምጃዎች የከበደው ይህ ደብዳቤ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ አንድ ምርት ማምረት ያቆመ ነጋዴ ሌላው እንዳይከፍልበት ደብዳቤ የሚጽፍበት ምክንያት ብዙ አይደለም።

በአዲሱ ካፕሱል ምርት ላይ በገጠመው ችግር የማቆሚያው ቀን ወደ መኸር ተገፋ። አክታቪስ ከዚያ በኋላ ለሕክምና የግድ የሚያስፈልጋቸው ታማሚዎች ብቻ አሮጌውን በአንድ የፖስታ ፋርማሲ በኩል እንዲያገኙ ዝግጅት አደረገ። በራሱ ግምት በዚህ መንገድ የሚያገኙት ከነባሮቹ ተጠቃሚዎች 3 በመቶ አይሞሉም ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የኒው ዮርክ ግዛት ዋና ዐቃቤ ሕግ ቢሮ በሴፕቴምበር 2014 በኩባንያው ላይ በማንሃተን የፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ። ክሱ የተመሠረተው በ1890 በወጣው የሸርማን ሕግና በግዛቱ የራሱ የውድድር ሕግ ላይ ሲሆን፣ ጥያቄውም በአንድ ገበያ ያለውን ብቸኛ ኃይል ሕገወጥ በሆነ መንገድ ማቆየት የሚለው ነበር። ቢሮው ካሣ ከመጠየቅ ይልቅ አስቸኳይ ጊዜያዊ የእግድ ትእዛዝን አስቀደመ። ይህ ምርጫ ትልቅ ብልሃት ነበረው፤ ታማሚዎቹ አንዴ ከተዛወሩ በኋላ የሚመጣ ፍርድ ገንዘብ ያስከፍል ይሆናል እንጂ ገበያውን ወደ ነበረበት አይመልሰውም።

ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር ለአምስት ቀናት ማስረጃ ሰማ። የግዛቱ ባለሙያ፣ ጠንካራው ሽግግር ቢፈጸም ታማሚዎች በራሳቸው ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ፣ የመድን ከፋዮች ደግሞ ወደ 1.4 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ተጨማሪ ወጪ እንደሚያስከትልባቸው አስልተው አቀረቡ። ዳኛው በዲሴምበር 2014 እግዱን ፈቀዱ፤ ኩባንያው አሮጌውን እንክብል በቀድሞው ሁኔታ መሸጡን እንዲቀጥል፣ ትእዛዙም ጄነሪኩ ከሚገባበት ጁላይ 11 ቀን 2015 በኋላ ለ30 ቀናት እንዲጸና አዘዙ። ኩባንያው ስለ ትእዛዙ ለሐኪሞች፣ ለፋርማሲስቶች፣ ለአስታማሚዎችና ለመድን ድርጅቶች እንዲያሳውቅም ተገደደ።

አክታቪስ ይግባኝ ጠየቀ። በኒው ዮርክ የሚቀመጠው የሁለተኛው ወረዳ የይግባኝ ፍርድ ቤት በሜይ 2015 የሥር ፍርድ ቤቱን ውሳኔ አጸናው። ኩባንያው ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያቀረበውንም አቤቱታ ግራ ቀኙ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሲስማሙ ትቶታል።

ክርክሩ እንዴት ተመዘነ

የኩባንያው መከላከያ ቀላል የሚባል አልነበረም። አንደኛ፣ ማንም ነጋዴ የማይፈልገውን ምርት እንዲሸጥ በሕግ አይገደድም ሲል ተከራከረ። ሁለተኛ፣ ሁለቱም ዝግጅቶች በፓተንት የተጠበቁ ስለሆኑ የፓተንት ባለመብት መሸጥም አለመሸጥም መብቱ ነው አለ። ሦስተኛ፣ ጄነሪኮቹ በብራንዱ የማስተዋወቅ ድካም ላይ በነፃ የሚጋልቡ በመሆናቸው ለእነርሱ መንገድ የማመቻቸት ግዴታ የለብንም አለ።

የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያውን ነጥብ በከፊል ተቀብሎታል፤ ውሳኔው ዋጋ ያገኘውም በዚህ ጥንቃቄው ይመስለኛል። አሮጌ ምርት ማቆም ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ አዲስ ምርት ማውጣትም ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን ብቸኛ የገበያ ኃይል ያለው ኩባንያ ምርት ማቆምን ከሌላ ድርጊት ጋር አጣምሮ፣ የጥምረቱ ውጤት ሸማቹን በምርቱ ብቃት ከማሳመን ይልቅ ማስገደድና ውድድርን ማደናቀፍ ከሆነ፣ ድርጊቱ የሸርማንን ሕግ ይጥሳል አለ። ለስላሳው ሽግግር ማሳመን ነው፤ ጠንካራው ማስገደድ ነው። በዚህ መለኪያ ለስላሳው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ክሱ እንደማይቆም ፍርድ ቤቱ አልሸሸገም።

በፓተንቱ ነጥብ ላይ፣ ባለመብቱ በፓተንቱ ዘመን ብቻውን የመሸጥ መብት እንዳለው አምኖ፣ ይህን መብት ከዘመኑ ማብቂያ ማዶ የሚመጣውን ውድድር ለመዝጋት መጠቀም ግን ከመብቱ ድንበር መውጣት ነው ሲል ወሰነ። በነፃ መጋለብ የሚለውን ክርክር ደግሞ ገለበጠው። ጄነሪክ በብራንዱ ማዘዣ ላይ ተንጠልጥሎ መሸጡ የ1984ቱ ሕግና የግዛቶቹ የመተካት ሕጎች ሆን ብለው የፈጠሩት መንገድ በመሆኑ፣ ያንን መንገድ መዝጋት ራስን ከብዝበዛ መከላከል ሊባል አይችልም። አዲሱ ዝግጅት ለታማሚው ይሻላል የሚለው ምክንያትም በኩባንያው የውስጥ ሰነዶች ተሸነፈ፤ ሰነዶቹ ስለ ታማሚ ምቾት ከሚናገሩት ይልቅ ስለ ጄነሪክ መከላከል የሚናገሩት ጎልቶ ተገኝቷል።

ከዚህ ሁሉ ጋር ፍርድ ቤቱ የታማሚዎቹን ሁኔታ ከግምት አስገብቷል። የአልዛይመር ታማሚ የለመደውን ነገር መቀየር ይከብደዋል፤ ሐኪሙም የተረጋጋን ታማሚ መድኃኒት ለዋጋ ልዩነት ብሎ መለዋወጥ አይፈልግም። በመሆኑም በግዳጅ ወደ ካፕሱሉ የተሻገረ ታማሚ ከጥቂት ወራት በኋላ ርካሹ እንክብል ሲመጣ ተመልሶ ይሻገራል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ማቆሙ ለጥቂት ወራት ብቻ ይሁን እንጂ ጉዳቱ ዓመታት የሚዘልቀው በዚህ ምክንያት ነው።

የሠራውና ያልሠራው

የሠራው እግዱ ነው። ጄነሪክ ሜማንቲን በጁላይ 2015 ገበያ ሲገባ በአሮጌው እንክብል ላይ የጸኑት ታማሚዎች ማዘዣ በፋርማሲው ባንኮኒ ሊተካ የሚችል ሆኖ ጠበቀው። ትእዛዙ የጠየቀው አዲስ ነገር መገንባትን ሳይሆን የነበረውን በመደርደሪያው ላይ ማቆየትን ብቻ በመሆኑ ለመቆጣጠርም የቀለለ ነበር፤ የማብቂያ ቀኑም አብሮት ተቆርጧል።

ያልሠራውን በሐቀኝነት መመዝገብ ያስፈልጋል። የማቆም ማስታወቂያው ከወጣበት ከፌብሩዋሪ እስከ እግዱ ድረስ አስር ወር አልፏል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ብዙ ሐኪሞችና አስታማሚዎች መድኃኒቱ ሊጠፋ ነው በሚል ፍርሃት ታማሚዎቻቸውን አዛውረው ነበር። ማስታወቂያው ራሱ፣ ሳይፈጸም እንኳ፣ የሽግግሩን ሥራ ሠርቷል። የተዛወሩትን ወደ ኋላ የሚመልስ ትእዛዝ አልነበረም፤ ቢኖርም ታማሚን በፍርድ ቤት ትእዛዝ መድኃኒት ማስቀየር ማንም የሚደፍረው አይደለም። መድኃኒቱን በጅምላ የገዙ ነጋዴዎች ያቀረቡት የካሣ ክስ፣ ከጄነሪኮቹ ጋር የተደረጉትን የዕርቅ ስምምነቶች የሚቃወም አቤቱታ ተጨምሮበት ለዓመታት ቆየ፤ ያለቀውም ስሙን ወደ አለርጋን የቀየረው አክታቪስ በ2019 750 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ሲስማማ ነው። ይህ ገንዘብ ለጅምላ ገዢዎቹ እንጂ በዚያ ዓመት ከኪሱ ለከፈለ ቤተሰብ የተቆረጠ አልነበረም።

ከሌሎች ጉዳዮች ጋር ሲታይ

የናሜንዳን ውሳኔ ለብቻው ያነበበ ሰው እያንዳንዱ የዝግጅት ለውጥ ያስቀጣል ብሎ ሊደመድም ይችላል። ሁለት ጉዳዮች ይህን ያርማሉ። በ2008 በዋሽንግተን የፌዴራል ፍርድ ቤት በአስትራዜኔካ ላይ የቀረበው ክስ፣ ኩባንያው ፕሪሎሴክ የተባለውን የጨጓራ መድኃኒት ትቶ ኔክሲየም ወደተባለው ሐኪሞችን ገፋፍቷል የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ ፕሪሎሴክ ከገበያ ስላልወጣ ምርጫው ሰፋ እንጂ አልጠበበም ብሎ ክሱን ውድቅ አደረገው።

ሁለተኛው የዶሪክስ ጉዳይ ነው። ይህ ለብጉር የሚታዘዝ ዶክሲሳይክሊን ሲሆን፣ ሻጩ ዋርነር ቺልኮት ከካፕሱል ወደ እንክብል፣ ከአንድ መጠን ወደ ሌላ መጠን እየቀያየረ ለዓመታት ጄነሪኮችን አሯሩጧል፤ አሮጌዎቹንም ከገበያ አውጥቷል። ድርጊቱ ከናሜንዳ የባሰ እንጂ የተሻለ አይመስልም። ሆኖም በፊላዴልፊያ የሚቀመጠው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2016 ለኩባንያው ፈረደ፤ ምክንያቱም ለብጉር ሊታዘዙ የሚችሉ ተመሳሳይ መድኃኒቶች ብዙ በመሆናቸው ዶሪክስ በገበያው የነበረው ድርሻ 18 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከሳሹ ማይላንም ቢሆን ከገበያው አልተባረረም፤ ከራሱ ምርት ብዙ አትርፏል። በእኔ አመለካከት በዚህ ጉዳይ የገበያው ስፋት በጥቂቱ ተለጥጧል፤ በባንኮኒው ላይ የሚደረገው መተካት ከሌሎች የብጉር መድኃኒቶች ጋር ምንም ግንኙነት የለውምና። ነገር ግን ሕጉ የሚቀጣው የገበያ ኃይል ያለውን ብቻ መሆኑን በግልጽ ያሳያል።

ከአሜሪካ ውጭ ከዚህ ጋር የሚቀራረበው በብሪታንያ የታየው የጋቪስኮን ጉዳይ ነው። ሬኪት ቤንኪዘር የፓተንቱ ዘመን ያበቃውን ፈሳሽ የቃር መድኃኒት በ2005 ከብሔራዊ የጤና አገልግሎቱ የማዘዣ ዝርዝር አወጣው፤ የወጣውም ሐኪሞች በኮምፒውተራቸው ላይ ጄነሪኩን ፈልገው ማዘዝ የሚያስችላቸው አጠቃላይ ስም ከመታተሙ በፊት ነበር። የአገሪቱ የውድድር ባለሥልጣን በ2011 የ10.2 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ጣለበት። በዚያ አገር መተካቱ የሚሠራው በፋርማሲው ባንኮኒ ሳይሆን በሐኪሙ ኮምፒውተር በመሆኑ የተዘጋውም በር ይኸው የኮምፒውተሩ በር ነበር።

ለሌሎች የሚተርፍ ትምህርት

ይህን መሰል ጉዳይ የሚመረምር ሰው በቅድሚያ የሚጠይቀው አዲሱ መድኃኒት ይሻላል ወይስ አይሻልም የሚለውን ባይሆን እመክራለሁ። ይህ ጥያቄ ሐኪሞችን እርስ በርስ የሚያከራክርና ፍርድ ቤት በቀላሉ የማይፈታው ነው። የናሜንዳ ከሳሾች የተሳካላቸው ጥያቄውን ወደ ቀን መቁጠሪያ በማዞራቸው ነው፦ ፈቃዱ መቼ ተገኘ፣ ሽያጩ መቼ ተጀመረ፣ ማቆሙ መቼ ታወጀ፣ ጄነሪኩስ መቼ ሊገባ ነበር። እነዚህ ቀኖች በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ሲሰፍሩ ብዙ ምስክርነት አላስፈለጋቸውም።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው በአገሩ ሥርዓት ርካሹ መድኃኒት ወደ ታማሚው እጅ የሚደርሰው በየት በር ነው የሚለው ነው። በአሜሪካ ፋርማሲስቱ ነው፤ በብሪታንያ የሐኪሙ ኮምፒውተር ነው፤ በሌላ አገር የጨረታ ሰነድ ወይም የመንግሥት የግዢ ዝርዝር ሊሆን ይችላል። ምርት መቀየር ውድድርን የሚጎዳው ያንን በር ሲዘጋ ብቻ ስለሆነ፣ በሩን ሳያውቅ የሚመረምር ሰው ጥፋቱን ያልፈዋል ወይም በሌለበት ያየዋል።

ለጠበቆችም ለኩባንያዎችም የሚሆን ሌላ ነጥብ አለ። በዚህ ጉዳይ ኩባንያውን የጎዱት የውስጥ ሰነዶቹ ብቻ አልነበሩም፤ ሥራ አስፈጻሚው ለባለሀብቶች በአደባባይ የተናገሩትም ጎድቶታል። የፓተንት ገደል የሚያስፈራው ባለሀብት መረጋጋት ይፈልጋልና ኃላፊው ያረጋጋዋል፤ ያው ማረጋጊያ ግን በሌላ አዳራሽ ሲነበብ የሐሳብ ማስረጃ ይሆናል።

ለዐቃቤ ሕግና ለተቆጣጣሪ አካል ደግሞ የሚቀረው ጉዳይ የማስታወቂያው ነው። ከላይ እንደተገለጸው መድኃኒቱ ሊቆም ነው የሚለው ዜና ብቻውን ሺዎችን አዛውሯል። እግድ ለመጠየቅ ምርቱ በእርግጥ እስኪቆም መጠበቅ ዘግይቶ መድረስ ነው። የኒው ዮርክ ቢሮ ማስታወቂያው ከወጣ ሰባት ወር በኋላ ነው ክስ የመሠረተው፤ ለከባድ ክስ ዝግጅት ይህ ረጅም ጊዜ አይደለም፣ ለታማሚዎቹ ግን ረጅም ነበር። ለወደፊቱ የተሻለ የሚመስለው መንገድ አሮጌ ዝግጅት ለማቆም ያሰበ ኩባንያ ዕቅዱን ከጄነሪክ መግቢያው ቀን ጋር አያይዞ ለተቆጣጣሪው አስቀድሞ እንዲያሳውቅ ማድረግ ነው፤ ለሐኪሞች የሚላከው ደብዳቤም ርካሹ እንክብል የሚመጣበትን ቀን አብሮ እንዲገልጽ ቢገደድ፣ አስታማሚው ቢያንስ የሚመርጠውን አውቆ ይመርጣል።